ያውቁ ኖሯል? የግሪን ወንዝን ሙቀት የሚመርጠው ግድቡ ነው

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ከፍሌሚንግ ጎርጅ ግድብ ሥር የሚወጣው ግሪን ወንዝ ትራውት በተባለው ዓሣ የታወቀ ነው። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ቅዝቃዜው ከልክ ሲያልፍ ግን እድገቱ ይጓተታል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጠናቀቅ ተርባይኖቹ የሚስቡት ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ስለነበር፣ ወንዙ በሞቃቱ ወራት እንኳ እጅ የሚያደነዝዝ ሆነ። መፍትሔው በ1978 መጣ። በውሃ መሳቢያው ላይ ከፍና ዝቅ የሚሉ በሮች ተገጠሙ፤ ለዓሣው የሚስማማው ውሃ ከላይኛው፣ ሞቅ ካለው የሐይቁ ክፍል ይቀዳ ጀመር። ለወንዙ እንደዚህ የጠቀመው ሥራ ጥቂት ነው።

በመስከረም፣ መጸው ሲገባ፣ አጥማጆች በላባና በክር ነፍሳት አስመስለው የሠሩትን መንጠቆ ይወረውራሉ፤ በጠራራ ቀን ፌንጣ የሚመስለውን፣ ደመና ሲሆን ደግሞ ከጥፍር የምታንስ፣ ግራጫ ክንፍ ያላት የውሃ ዝንብ የሚመስለውን። ውሃው በኤሌክትሪክ ፍላጎት መጠን ስለሚለቀቅ፣ ጠዋት በእግር የተሻገሩት ቦታ ከሰዓት በኋላ ላያሻግር ይችላል። ስለዚህ ወደ ወንዙ ከመውረድ በፊት የዕለቱን የውሃ አለቃቀቅ ማየት ግድ ነው።

መጸው ሲገፋ ቡናማው ትራውት ይራባል። እንስቷ በጅራቷ ጠጠሩን እየጠረገች ጎድጎድ ያለ ጎጆ ታበጃለች። ከዙሪያው ነጣ ብሎ የጸዳ ጠጠር ካዩ እባክዎ አይርገጡት፤ ከሥሩ እንቁላል ሊኖር ይችላል።