ከዋልካው የጎደለው ክብደት የምን ነው?

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው የሀብሩ ወረዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ላየው ሁሉ ለም ይመስላል። ጥቁረቱ ግን ለብስባሽ ብዛት ምስክር አይሆንም። እንዲህ ያለ አፈር ኦርጋኒክ ቁሱ ከ3 በመቶ በታች ሆኖም ከሰል መምሰል ይችላል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ የማሽላው አገዳ ለከብትና ለማገዶ ይሄዳል፤ ወደ ማሳው የሚመለሰው ጥቂት ነው።

ስንት ኦርጋኒክ ቁስ እንደቀረ ለማወቅ ርካሹ መንገድ ማቃጠል ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋው አፈር በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድሮ ይደርቅና ይመዘናል። ከዚያ በፖርሲሊን ስኒ ተደርጎ 550 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ የላቦራቶሪ ምድጃ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ክብደት እንደ ኦርጋኒክ ቁስ ይቆጠራል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ እሳቱ የሚያስወጣው ብስባሽን ብቻ አይደለም። ዋልካን በክረምት የሚያሳብጠው፣ በበጋ የሚሰነጣጥቀው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ነው። በንብርብሮቹ መካከል የያዘውን ውሃ 105 ዲግሪ አሟጦ ላያወጣው ይችላል። ከዚህ ሌላ ውሃ ሆኖ የሚወጣ፣ በራሱ በማዕድኑ መዋቅር ውስጥ የታሰረ ክፍል አለ፤ ከባዛልት በተገኘና ብረት በበዛበት ሸክላ ይህ በ450 ዲግሪ አካባቢ መልቀቅ ሊጀምር ይችላል። 10 ግራም ደረቅ አፈር 0.7 ግራም ጎደለ እንበል። ውጤቱ 7 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ከጎደለው 0.4 ግራሙ የሸክላው ውሃ ከነበረ ግን ትክክለኛው 3 በመቶ ነው። አሸዋማ አፈር ላይ ይህ ስህተት እዚህ ግባ አይባልም፤ ዋልካ ላይ ግን ከሚለካው ነገር ሊበልጥ ይችላል።

ጥቁር ሆኖ የገባው አፈር ብዙውን ጊዜ እንደ ጡብ ቀልቶ ይወጣል። የሚያቀላው ብረቱ ነው። ስኒው በጣም ከሞላ ላዩ ቀልቶ መሃሉ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያ ገና ያልተቃጠለ ካርቦን አለ። (የሸዋ ደጋ ገበሬም ገብስ ሊዘራ አፈር ከምሮ ሲያጋይ ይህን የቀለም ለውጥ ያውቀዋል።)

በዋልካ ውስጥ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ካሉ ሌላ ጉድ ይመጣል። ምድጃው ከ700 ዲግሪ ካለፈ ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት 44 በመቶ ክብደቱን ያጣል። ጥቂት ጠብታ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጣል አድርጎ አረፋ ማየት አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

አመዛዘኑም ያሳስታል። ትኩስ ስኒ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የሚያስነሳው ሞቃት አየር ክብደቱን ያቀልለዋል፤ ብስባሹ የበዛ ይመስላል። በክረምት እርጥበት ክፍት ሆኖ ከቀዘቀዘ ደግሞ አፈሩ ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ ብስባሹ ያነሰ ይመስላል። እርጥበት በማያስገባ የላቦራቶሪ ዕቃ (ዴሲኬተር) ውስጥ ማቀዝቀዝ ሁለቱንም ያስቀራል።

ውጤቱን ወደ ካርቦን ለመቀየር በ1.724 ማካፈል ልማድ ነው። ይህ ግን ኦርጋኒክ ቁስ ሁሉ 58 በመቶ ካርቦን ነው ከሚል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግምት የመጣ ነው፤ ለብዙ አፈሮች 2 ይቀርባል። እኔ ብሆን በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም፤ የሸክላው ውሃ ካልተቀነሰ ማካፈሉ ስህተቱን አያርመውም።

የሚሻለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካለባት ከሀብሩ የተለያዩ ማሳዎች ናሙና ወስዶ፣ ጥቂቱን በማቃጠልም፣ እ.ኤ.አ. በ1934 በተዋወቀው የዎክሊና ብላክ የዳይክሮሜት ዘዴም መለካት ነው። ይህኛውም ካርቦኑን ሁሉ ስለማያገኝ በ1.3 ገደማ ይባዛል። ሁለቱ ውጤቶች በግራፍ ሲነጻጸሩ መስመሩ ከዜሮ ሳይሆን ከፍ ብሎ ከተነሣ፣ ካርቦን በሌለበትም የሚጎድለው ክብደት አብዛኛው የሸክላው ውሃ ነው፤ ሸክላቸው ለሚመሳሰል የአካባቢው ማሳዎች ያንኑ መቀነስ ይቻላል። ዲግሪው፣ ሰዓቱና የናሙናው ክብደት ከተለወጠ ግን መስመሩ እንደገና ይሠራል።