ሙቀቱ የሚያጋልጠው ስውር ፍሳሽ

በከተማ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንቆም ሽታው ፍሳሽ መኖሩን ይነግረናል፤ ከየት እንደ ገባ ግን አይነግረንም። የጎርፍ መውረጃ ቦዮች የተሠሩት ለዝናብ ውኃ በመሆኑ፣ የሚያደርሱት በአብዛኛው ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ወንዝ ነው። የመጸዳጃ ቤት ቱቦ በስውር ከእነርሱ ጋር ሲገናኝ፣ መዘዙ ከታች በወንዙ ልብስ ለሚያጥቡና አትክልት ለሚያጠጡ ሰዎች ይተርፋል። የተቀበረውን ቱቦ እንዴት እናገኘዋለን?

ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ያመነጫል። በ300 ኬልቪን አካባቢ ጨረሩ የሚበረታው 10 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት ነው። ይህ ዊሊያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው የኢንፍራሬድ ጨረር ወገን ሲሆን፣ ዐይናችን ባያየውም በአውሮፕላን ወይም በድሮን የተጫነ የሙቀት ካሜራ ያየዋል። በብርድ ወራት የቤት ፍሳሽ ከወንዙ ውኃ ስለሚሞቅ፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት በሚነሣው ምስል ላይ ከቦዩ አፍ እንደ ነጭ ጭራ ተዘርግቶ ይታያል። የአዲስ አበባን የመሰሉ የደጋ ከተሞች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለዚህ ይመቻል።

ሆኖም ካሜራው የሚለካው የውኃውን ስስ ገጽ ብቻ ነው፤ ንጹሕ ምንጭም በብርድ ጊዜ ሞቆ ይታያል። ስለዚህ ምስሉ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። የት እንደምንፈልግ ካሜራው ይነግረናል፤ ምን እንዳገኘን የሚነግረን ግን ወንዝ ወርደን የቀዳነው ናሙና ነው።