የሕመም ማስታገሻ ሱስ፦ ዳሰሳ ከጉለሌ

በጉለሌ ስለ ሱስ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው አረቄና ጫት ነው። ይህም ትክክል ነው፤ በአገር ደረጃም ብዙ ሰው የሚይዙት አልኮል፣ ጫትና ትምባሆ ናቸው። ከነሱ ጀርባ ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ ሱስ አለ። ይኸውም ሐኪሞች ኦፒዮይድ የሚሏቸው የብርቱ ሕመም ማስታገሻዎች ሱስ ነው። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒል፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ በሕገወጥ መንገድ የሚዘዋወረው ሄሮይንም ጭምር የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ጉለሌን የመረጥኩት ችግሩ ከሌላው ክፍለ ከተማ እዚህ ይብሳል ለማለት አይደለም። ጣጣውን የሚቀበሉት ተቋማት እዚህ ተጎራብተው ስለሚገኙ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚህ ነው። ሰው ዛሬም በአሮጌ ስሙ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጎኑ ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ።

የዓለም ጆሮ የለመደው የአሜሪካን ታሪክ ነው። እዚያ ከ1990ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐኪሞች እንደ ኦክሲኮንቲን ያሉ ክኒኖችን በገፍ አዘዙ፤ ክኒኑ ሲወደድና ሲጠፋ ሰው ወደ ሄሮይን፣ ቀጥሎም ወደ ፌንታኒል ዞረ። በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ከመጠን ባለፈ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሞቱት በኦፒዮይድ ነበር። የእኛ መንገድ ግን ይህን አይመስልም። የሚመስለው ትራማዶል ያስቸገራቸውን የናይጄሪያንና የግብፅን ነው።

ትራማዶል ከሞርፊን የለሰለሰ ተደርጎ ስለሚታይ በዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ስምምነት ቁጥጥር ሥር አልገባም። ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ፣ ያለ ማዘዣ በፍሬ የሚሸጥበትም አጋጣሚ አለ። በአፍሪካ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ለደስታ ተብሎ አይደለም፤ ሸክምን፣ ረጅም መንዳትንና እንቅልፍ ማጣትን ለመቻል ነው። ሳምንታት ካለፉ ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑ ያድጋል። ሲቋረጥ ሐራራው ይመጣል፤ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት። ትራማዶልን ከብዙዎቹ የሚለየው ሌላም ነገር አለ፤ መጠኑ ሲበዛ ያንዘፈዝፋል። በቤት ውስጥ የወደቀ ወጣት የሚጥል በሽታ እንደያዘው ተቆጥሮ ጸበል ቢወሰድ የሚያስገርም አይደለም፤ ስለ ክኒኑ ግን የሚጠይቅ የለም።

ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ሌላ ክብደትም አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። በጉበት ውስጥ ያለውን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ቅጂው ተደጋግሞ ተገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ የሚታየው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ይኸው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ኢንዛይሙ በብዛት ያለው ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ያልታሰበ ብዙ ሞርፊን ደሙ ውስጥ ሊገባ፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። የምታጠባ እናት ከሆነች አደጋው ለሕፃኑም ይተርፋል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዴይንን ያገደው ይህን ማስረጃ ይዞ ነው። ለሕዝቡ ዘረመል ብሎ መድኃኒት ማገድ በአፍሪካ ብርቅ ውሳኔ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ግን ትራማዶልም ዋና ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ኢንዛይም ተቀይሮ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክሏል። በአንድ በር ኮዴይንን ዘግተን በሌላው ትራማዶልን በፍሬ ስንሸጥ፣ የራሳችንን ሳይንስ ግማሹን ብቻ ተቀብለናል ማለት ነው። እኔ ትራማዶል ይታገድ አልልም፤ ካንሰር ያለበት ሰው ይፈልገዋልና። ማዘዣው ግን እውነተኛ ማዘዣ ይሁን።

በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ፔቲዲን አለ። ሕመም ያለበትን የሚያሳርፈው መርፌ ለሚወጋው ባለሙያም ቅርብ ነው፤ በማደንዘዣና በድንገተኛ ክፍሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ለዚህ ሱስ መጋለጣቸው በብዙ አገር የታወቀ ነው። ሥራውን እንዳያጣ የፈራ ባለሙያ ሕክምና አይጠይቅም። ሕክምና ጠያቂውን ከቅጣት የሚለይ መንገድ ካልተበጀ መርፌው ተደብቆ ይቀጥላል።

መርፌ ሲነሳ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ይከተላሉ፤ መርፌ መጋራት ከወሲብ ይልቅ በፍጥነት ያስተላልፋቸዋል። አዲስ አበባ የኤች አይ ቪ ስርጭቷ ከአገሪቱ አማካይ በእጅጉ ስለሚበልጥ ጥቂት ሰዎች መርፌ ቢጋሩ እንኳ ቀላል አይደለም። ኤች አይ ቪ የቲቢ በር ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በማከም ቀዳሚ ሆስፒታል ነው። የመርፌው ጉዳት ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣው በዚህ ሰንሰለት ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ ግን የሚረሳ ሌላ ግፍ አለ፤ የሞርፊን እጦት። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርት እንደሚያሳየው በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው በሞርፊን መጠን የተሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን ኦፒዮይድ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ካንሰር አጥንቱ ላይ የደረሰ ሰው በፓራሲታሞል እያቃሰተ ሲሞት ማየት ከሱሱ የማያንስ የኅብረተሰብ ጤና ውድቀት ነው። ሱስን እንቆጣጠራለን ብሎ ሞርፊንን ከሆስፒታል ማራቅ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ሱሰኛውንም አያድንም፤ እሱ ትራማዶሉን ከመንደር ያገኘዋል።

ሕክምናውስ? ጳውሎስና የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ አማኑኤል ሱስን በአእምሮ ሕክምና ሥር ያያሉ። ታንዛኒያ በ2011፣ ኬንያ በ2014 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ሆስፒታሎቻቸው ሜታዶን ጀምረዋል፤ ሱሰኛው በየቀኑ በሐኪም ፊት የሚጠጣው መድኃኒት ሐራራውን ይይዝለታል፣ መርፌውንም ያስጥለዋል። እኛ ዘንድ ይህ እንደነሱ አልተዘረጋም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወደ ጸበል ይወስዳል። በዚያ ያለው ጸሎትና ማኅበር የሚሰጠው ብርታት እውነተኛ ነው፤ ሐኪሞችና አጥማቂዎች አብረው ሲሠሩም ደግ ውጤት ይታያል። አንድ ነገር ግን ቤተሰቡ ማወቅ አለበት፦ ለሳምንታት ያቆመ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ይረሳል። ከጸበል ወይም ከእስር ወጥቶ በቀድሞው መጠን ቢጀምር ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ የሚያተርፈው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት በአምቡላንስ ውስጥ መኖር አለበት።

የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 525 ዝውውሩንም መጠቀሙንም ይቀጣል። ለሻጩ ተገቢ ነው፤ ለታማሚው ግን ሐኪም ቤትን የሚያስፈራ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ የጎደለው ግን ቁጥር ነው፤ የት፣ ስንት ሰው፣ በምን። ለዚህ ሰፊ የቤት ለቤት ዳሰሳ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ምክንያቱ ሳይታወቅ እየተንዘፈዘፈ ወደ ጳውሎስ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ወጣት ሁሉ ሽንቱ ለትራማዶል ቢመረመርና ውጤቱ ስም ሳይያዝ ቢመዘገብ፣ በዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ካርታ ይወጣል፤ የፓስተር ላቦራቶሪም እዚያው ጎረቤት ነው።