ልጅዎ ሥነ ምግብ ልማር ብትልዎት

ውድ እናት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅዎ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ሲደርስ «ሥነ ምግብ ልማር» ብትልዎት ምን ይሏታል? በጎፋ ገብርኤልም ሆነ በጎፋ ካምፕ አካባቢ በቡና ላይ ይህ ወሬ ሲነሣ የሚሰማው መልስ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። «ወጥ መሥራቱን እኔ አላስተምራትም ወይ? ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» ይባላል። አነጋገሩ የሚያስቅ ቢመስልም የአንዲትን ወጣት ዕድል ሊዘጋ ይችላልና ጥቂት እንነጋገርበት።

በመጀመሪያ ደረጃ የምግብ ዝግጅት ሙያ ሌላ ነው፤ ሥነ ምግብ ሌላ ነው። ሥነ ምግብ የበላነው ነገር በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚመረመርበት ሳይንስ ሲሆን፣ ተማሪዋ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ የሰውነት አሠራርና ስታቲስቲክስ ትማርበታለች። ከራስዎ ጓዳ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጤፍ ብረት አለው እየተባለ ይመሰገናል። ይሁን እንጂ በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ ይህን የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። በሌላ በኩል ሊጡ በእርሾ ሲቦካ፣ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። እንግዲህ እርሾው እንጀራውን ዓይናማ ከማድረግ ሌላም ሥራ አለው ማለት ነው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ብረቱ እንዳይወሰድ ያውካል፤ ሎሚ ግን ያግዛል። ደም ማነስ ለያዛት ነፍሰ ጡር ይህን አስልቶ መምከር የወጥ ሙያ አይደለም።

ትምህርቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት ሆነ። ምናልባት እርስዎም በልጅነትዎ የበሉት ፋፋ፣ ከስንዴ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት የተቀመመው፣ የዚያ ቤት ውጤት ነው። የአገራችን ምግቦች ንጥረ ነገር ተለክቶ የሰፈረበት ሰንጠረዥም የተዘጋጀው በዚያው ነው። ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ይካሄዳል።

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ትምህርቱን ከሚሰጡት መካከል የሐዋሳና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። አዲስ አበባና ጅማ ደግሞ በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። ስለዚህ የጎፋዋ ልጅ ለጥቂት ዓመታት ከቤት መራቋ አይቀርም፤ ይህም ለእናት ቀላል ነገር አይደለም።

«ሥራውስ?» ካሉ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት አልነበራቸውም። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ ያደረገው ይህን መቀንጨር ለማጥፋት ነው። ሥራው እንግዲህ ሞልቷል። ስኳርና ኩላሊት ለሚታመሙ ሰዎች፣ ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናትም ምግባቸውን የሚያሰላ ባለሙያ በሆስፒታል ያስፈልጋል። የዱቄት፣ የዘይትና የሕፃናት ምግብ ፋብሪካዎችም ይፈልጉታል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ሲመገቡ፣ ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ለሚያድግ ልጅ መብቃቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሆኖም ማሩን ብቻ ማውራት አይገባም። ሥራው መኖሩና መደቡ መኖሩ ለየቅል ናቸው፤ ለሥነ ምግብ ባለሙያ የተለየ የሥራ መደብ የሌላቸው ሆስፒታሎች አሉ። የርዳታ ድርጅቶች ቅጥር ብዙውን ጊዜ በኮንትራት የሚያልቅ ሲሆን፣ ቦታውም ድርቅ የሚበረታበት ወረዳ ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት ይህ ልጅቱን የሚያስቀር ሳይሆን አስቀድማ ልታውቀው የሚገባ ነገር ነው። ወንድ ልጅዎም ይህንኑ ትምህርት ቢመርጥ አይሣቁበት።

ስለዚህ ቅጹን ከመሙላቷ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቋት። ኬሚስትሪ ትወዳለች? ከአዲስ አበባ ርቃ ለመሥራትስ ፈቃደኛ ናት? ከቻለችም ትምህርቱን በመማር ላይ ያለች አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋ ታነጋግር፤ የትምህርቱን ዝርዝር ትይ፤ ከእርሷ በፊት የተመረቁትም የት እንደተቀጠሩ ትጠይቅ።