«ስንት ይከፍሉሃል?» «ምንም!»

ማታ ነው። አንድ ሰው ከሥራው ተመልሶ፣ እራቱን በልቶ ኮምፒዩተሩ ፊት ተሰይሟል። ከጎኑ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተዘርግታለች። አንድ መስመር ያነባል፣ ይተይባል። አንድ መስመር ያነባል፣ ይተይባል። እንዲህ እንዳለ እኩለ ሌሊት ሆነ። ሚስት ከመኝታ ቤት ብቅ ትልና...

«ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?»

«ምንም!»

እንግዲህ ፍረዱ! ሰውየው ሞኝ ነው? ሥራ ፈት ነው? ወይስ ከሚስቱ መሸሹ ነው? ጭውውቱን የፈጠርነው እኛ ነን። ሥራው ግን ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት ገና በየቤቱ ሳይገባ፣ ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር ይጠራሩ በነበረበት ጊዜ፣ «ድሃርማኔት» በሚባል መረብ ሥር የተሰባሰቡ ፈቃደኞች የቡድሃን የተመስጦ ትምህርት የያዙ መጻሕፍት ቁጭ ብለው ይተይቡ ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ በነፃ የሚያነበው ቤተ መጻሕፍት አንዱ መሠረት ይኸው ነው።

ተመስጦ ስንል ብዙዎቻችሁ ሜዲቴሽን የምትሉትን ነው። ትምህርቱ ሲነገር እንዴት ቀላል ይመስላል መሰላችሁ! ቁጭ በል፣ ትንፋሽህን ተከታተል፣ ሐሳብህ ሲሸሽ ሳትቆጣ መልሰው... በቃ። እስቲ ሞክሩት! ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳብ ሆዬ ቦሌ ደርሶ ማኪያቶ አዟል። (ሃይማኖታችሁን ለውጡ ያላችሁ የለም፤ ጨዋታችን ስለ ፈቃደኞቹ ነው።)

ቡድሃ በሰሜን ሕንድ ካስተማረ ወደ 2,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ተከታዮቹ ትምህርቱን ለብዙ ትውልድ የያዙት በቃላቸው ነበር፤ እንደኛ አገር የቆሎ ተማሪ ተሰብስበው እያዜሙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ግን በስሪላንካ ረሃብና ጦርነት ሆነ። መነኮሳቱ ሲያልቁ በቃል የያዙትም አብሮ እንዳይቀበር ተፈርቶ፣ ያኔ በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጻፈ ይላል የአገሩ ትውፊት።

በነፃ መስጠቱም የኮምፒዩተር ዘመን ፈሊጥ አይደለም። በዚህ ወግ ትምህርትን ማካፈል ከስጦታ ሁሉ በላይ ተደርጎ ይቆጠራል። በታይላንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጽሐፍ አሳትሞ ለለቀስተኛ የሚያድልበት ልማድ አለ። በስሪላንካ ካንዲ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ ጀርመን ተወላጅ መነኩሴ ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ የቡድሂስት አሳታሚ ማኅበር አቋቋመ፤ «መንኮራኩር» የተሰኙ ቀጫጭን መጻሕፍት በተከታታይ ያወጣ ጀመር። የድሃርማኔት ፈቃደኞች ሲተይቡ ካደሩት ብዙው ይህ ነው። በማኅበሩ ፈቃድ ነው እንጂ ዝም ብሎ ዘረፋ አይደለም!

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

የቡድሃ ስብከቶች ድግግሞሽ ይወዳሉ። በቃል ለመያዝ የተሠሩ ናቸውና አንዱ ዐረፍተ ነገር ትንሽ ተለውጦ አሥር ጊዜ ይመጣል። ለሚያዜም ሰው ድጋፍ ነው፤ ለሚተይብ ሰው ግን ወጥመድ! ሦስተኛው ላይ የነበረ ዓይን ወደ ስምንተኛው ዘሎ ያርፋል፤ አምስት መስመር እልም አለ ማለት ነው። ዘሎም ያለፈው ሰው አያውቅም፤ ምክንያቱም የጻፈው ሲነበብ ልክ ይመስላል። ስለዚህ ሌላ ሰው ከዋናው መጽሐፍ ጋር እያመሳከረ ካላነበበው ስህተቱ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይኖራል። ፊደል ማረም የሚባለው፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ይኸው ነው።

ሌላው ጣጣ ፊደሉ ነው። ጥንታዊው ቋንቋ ፓሊ ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከላይ ሰረዝ፣ ከታች ነጥብ ይፈልጋል። የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ደግሞ ተራውን የእንግሊዝኛ ፊደል እንጂ ይህን በቀላሉ አይችልም ነበር። ታዲያ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። በፓሊ «ማላ» የአበባ ጉንጉን ነው፤ «መለ» ግን እድፍ ነው! ሰረዟ ከጠፋች የአበባ ጉንጉን ይዞ የመጣው እንግዳ እድፍ ይዞ መጣ ሊባል ነው። (አትሳቁ፤ እኛም «ይበላል» ብለን ስንጽፍ ሰውየው በላተኛ ይሁን ምግብ ፊደላችን አይነግረንም።) መላው ምን ሆነ? ረጅሙን ድምፅ ሁለቴ መጻፍ፣ ለነጥቧም ከፊደሉ በፊት ነጥብ ማስቀመጥ። ለዓይን አያምርም፣ ግን ትርጉሙን ያድናል።

እና ሰውየው እኩለ ሌሊት ላይ የሚታገለው ከምን ጋር ነው? ከሚሸሽ ሐሳብ ጋር! የሚተይበው መጽሐፍ ሐሳብህን መልሰው ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ያን ዐረፍተ ነገር እየተየበ ስለ ነገው ሥራው ያስባል፤ መስመር ይዘላል።

ከዚህ ሁሉ ምን ወጣ? አንዱ «አክሰስ ቱ ኢንሳይት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ አሜሪካዊ፣ በማሳቹሴትስ ያለ የቡድሂስት ጥናት ማዕከል ረድቶት ጀመረው። ፈቃደኞቹ የተየቧቸው መጻሕፍት እዚያ ገቡ፤ ትርጉሞች ተጨመሩ፤ ከ1,000 በላይ ስብከቶች ተሰበሰቡ። ግን ሸክሙ በአብዛኛው የአንድ ሰው ነበርና እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ ነገር መጨመሩ ቆመ። ያለው አሁንም ይነበባል። እኛ ግን ሳንደብቅ እንናገር፤ ይህ ያሳስባል። አንድ ሰው 20 ዓመት የተሸከመውን ሲያወርድ ማን ይቀበለዋል? ለጀማሪ ሁሉ ይጨበጨባል፤ ተረካቢ ነው የሚጠፋው።

ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው «ሱታ ሴንትራል» ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይነበባል። አንድ አውስትራሊያዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በታይዋን ቺሜይ በምትባል ትንሽ ደሴት ተቀምጦ አራቱን ታላላቅ የስብከት ስብስቦች ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ ከዚያም የባለቤትነት መብቱን ለሕዝብ ለቀቀ። ማንም ይቅዳ፣ ማንም ያሳትም! ድምፁን ለሚመርጥ ደግሞ «ድሃርማ ሲድ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሴት እያባዛ የጀመረ ሲሆን ዛሬ የተመስጦ መምህራንን ንግግር በነፃ ያሰማል።

ከናንተ ውስጥ «እኔም እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ልግባ» የሚል ካለ፣ የቡድሃም ይሁን የሌላ መጽሐፍ፣ ምክራችን አጭር ነው። ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ እሠራለሁ ብላችሁ አትፎክሩ፤ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ውሰዱና ጨርሱ። ሳትጀምሩ ከባለመብቱ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሦስት ወር ለፍቶ «አውርደው!» መባል ያማል። የራሳችሁን ጽሑፍ ራሳችሁ አርማችሁ አትመኑ፣ ለሌላ ዓይን ስጡ።

ደግሞ ሚስትየዋን አትርሷት። ጥያቄዋ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰውየው በነፃ የሰጠው ማታ የሱ ብቻ ነበር እንዴ? ግማሹ የሷ ነው! በሳምንት ሁለት ማታ ብለው ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ ከመኝታ ቤት ብቅ የምትለው ሻይ ይዛ ይሆን ነበር።

ለማንኛውም ጭውውቱ አላለቀም...

«ቢያንስ ስምህን ይጽፉልሃል?»

«አዎ፣ ከታች።»

«የታል?»

«ውረጂ... ውረጂ... ከግርጌ ማስታወሻዎቹም በታች። ማን እንደተየበው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በማን ፈቃድ የምትል አንዲት መስመር አለች።»

ሚስት መነጽሯን ልታመጣ ሄደች።