የዝሆኑ ጆሮ ለምን ይርገበገባል? በሃይማኖታዊ በዓላት ሰልፍ ስለሚቆሙ ዝሆኖች



ክፉ ወሬ የተነገረው ሰው በአማርኛችን «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» ይላል፤ እንዳልሰማ ሆኜ ልለፈው ማለቱ ነው። አባባሉ ዝሆንን ድምፅ የማይነካው ፍጡር ያደርገዋል። እኔም የእንስሳት ጠባይ መምህር ሆኜ ሳለሁ፣ ስለ ዝሆን ጆሮ ከዚህ አባባል ብዙም የማይሻል ስሕተት ለዓመታት ሳስተምር ኖሬአለሁ። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚያ ስሕተት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በደቡብ ህንድ ተማሪ ሳለሁ፣ በኬረላ ግዛት በትሪሹር ከተማ የሚከበረውን የፑራም በዓል ለማየት ሄድሁ። በዓሉን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኮቺኑ ገዥ ሳክታን ታምፑራን እንደ ጀመረው ይነገራል። የሚውለው በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ሙቀቱ እጅግ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ፓራሜካቩና ቲሩቫምባዲ የተባሉ ሁለት ቤተ መቅደሶች እያንዳንዳቸው 15 ዝሆኖች አሰልፈው በአደባባይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የዝሆኖቹ ግንባር በወርቅማ ሽልማት ይሸፈናል፤ በጀርባቸው ላይ ጥላ የያዙ፣ የጣዎስ ላባ ማራገቢያና ነጭ ጭራ የሚያወዛውዙ ሰዎች ይወጣሉ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ወደ 250 የሚጠጉ ከበሮ መቺዎችና መለከት ነፊዎች በአንድነት ተሰልፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ይመታሉ፤ ይነፋሉ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት በመካከል ወደቆመው ዝሆን እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ተመልከት፤ ከበሮውን ወዶታል፣ በጆሮው ምት ይጠብቃል» አሉኝ። ተመለከትሁ፤ እንደተባለውም መሰለኝ። ፎቶግራፍ አነሣሁ። ወደ አገሬ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ያን ፎቶግራፍ እንስሳት ለሙዚቃ ምት ስሜት እንዳላቸው ማስረጃ አድርጌ አሳይ ነበር።

እንዲያ ማድረጌን አሁን የማስታውሰው በኀፍረት ነው። የዝሆን ጆሮ በመጀመሪያ ደረጃ ማቀዝቀዣ ነው። ዝሆን ግዙፍ አካል አለው፤ እንደ እኛ ግን በመላ ቆዳው አያልበውም፤ ላብ አመንጪ ዕጢዎች የተገኙበት በጥፍሮቹ ዙሪያ ብቻ ነው። በጆሮው ስስ ቆዳ ሥር ግን ብዙ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ጆሮው ሲርገበገብ በውስጡ የሚያልፈው ደም ይቀዘቅዝና ወደ ሰውነት ይመለሳል። የአየሩ ሙቀት በጨመረ ቁጥር እርግብግቢቱም ይጨምራል። አዛውንቱ ደስታ ብለው ያሳዩኝ፣ እኔም ሙዚቃ ብዬ የጻፍሁት፣ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ያለ ዛፍ ጥላ የቆመ እንስሳ ራሱን ለማቀዝቀዝ የሚያደርገው ጥረት ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ የሚወዛወዘውን አካሉንም ሕዝቡ ጭፈራ ይለዋል። ይህን ጠባይ በሰንሰለት ታስረው በሚውሉ ብዙ ዝሆኖች ዘንድ እናየዋለን፤ በዱር ባለ ዝሆን ዘንድ አናየውም።

ስለ መስማቱ ደግሞ ነገሩ ከአባባላችን ፍጹም ተቃራኒ ነው። በ1984 ካቲ ፔይን የተባለች ተመራማሪ በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ በእስያ ዝሆኖች አጠገብ ቆማ ሳለ፣ በጆሮዋ የማትሰማው ነገር ግን አየሩን የሚያርገበግብ ነገር ተሰማት። በመሣሪያ ሲቀረጽ ዝሆኖቹ ከ20 ኸርዝ በታች በሆነ፣ የሰው ጆሮ በማይደርስበት ድምፅ እየተነጋገሩ ነበር። በምድር ላይ የሚተላለፍ ንዝረትንም በእግራቸው መዳፍ እንደሚያውቁ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ጆሮና እግር ያለውን እንስሳ ከበሮው መካከል አቁሙት፤ ሌሊቱን ደግሞ ምድር የሚያናውጥ ርችት ተኩሱበት። ሰው እጁን ጆሮው ላይ ይጭናል፤ ካልተመቸውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዝሆኑ እግር በሰንሰለት ታስሯል።

ይህን ሁሉ ስናገር የኬረላ ሕዝብ ዝሆንን ይጠላል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ሕዝቡ ዝሆንን አጥብቆ መውደዱ ነው። ጉሩቫዩር ኬሳቫን የሚባለው ዝሆን በ1922 ከኒላምቡር ገዥዎች ቤተ ሰብ ለጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ በስለት ተሰጠ፤ በታኅሣሥ 1976 ቤተ መቅደሱ ታላቁን ጾም በሚያከብርበት ዕለት ሞተ፤ ሐውልት ቆመለት፤ ስሙ ዛሬም በአክብሮት ይነሣል። የሰልፉን ትርጉም ለመረዳት የእኛ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጥምቀት ታቦት ከመንበሩ ሲወጣ ሕዝቡ የሚሰማውን አስቡ። በኬረላም የአማልክቱ ምስል ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ሕዝቡን የሚጎበኘው በዝሆን ጀርባ ነው። ልዩነቱ፣ ታቦቱን የሚሸከመው ካህን ወድዶና ተሹሞ መሸከሙ ላይ ነው።

ምስሉን የሚሸከመው በመካከል የሚቆመው ረጅሙ ዝሆን ነው። በእኔ አስተያየት ከጉዳቱ የሚበዛው ክፍል የሚመጣው ከዚህች ትንሽ ደንብ ነው። ቁመት ክብር ሆነ፤ ክብር ደግሞ ገበያ ሆነ። ስመ ጥር የሆነ ረጅም ዝሆን ለአንድ ቀን በብዙ መቶ ሺህ ሩፒ ይከራያል። ራሱን ከፍ አድርጎ የቆመ ይበልጥ ረዥም ስለሚመስል፣ ጠባቂው አገጩን በዘንግ እየወጋ ቀና እንዲል ያስገድደዋል፤ በአንዳንድ ቦታ ይህ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኗል። የበዓሉ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ስለሚዘልቅ፣ ዛሬ በአንድ ከተማ የቆመው ዝሆን ሌሊቱን በጭነት መኪና ተጉዞ ነገ በሌላው ይቆማል። እንቅልፍ፣ ውኃና እርጥብ መኖ ይጎድሉበታል። ደረቅ የዘንባባ ቅጠል በልቶ ውኃ ያጣ ዝሆን አንጀቱ ይዘጋል፤ በኬረላ በሰው እጅ ካሉ ዝሆኖች ዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሌላው የእግር ቁስል ነው። ዝሆን በስብ ትራስ ላይ ተደግፎ በጣቶቹ የሚራመድ እንስሳ ስለሆነ፣ የጋለ አስፋልትና የሰንሰለት ቁስል ቶሎ ይጥሉታል።

ለሰልፍ የሚመረጡት ትልልቅ ጥርስ ያላቸው ወንዶች ናቸው። ወንድ ዝሆን በየጊዜው መስት በሚባል ሁኔታ ውስጥ ያልፋል። በዓይኑና በጆሮው መካከል ካለው ዕጢ ፈሳሽ ይወርዳል፤ በደሙ ያለው የወንድነት ሆርሞን ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ማንንም አይታዘዝም። በዚህ ጊዜ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ በአንድ ቦታ ታስሮ ይቆያል። ከእስሩ ከመፈታቱ በፊት እንደገና ትእዛዝ እንዲቀበል በብዙ ሰዎች የሚደበደብበት ልማድም አለ። ይህን የማየት ዕድል አላጋጠመኝም፤ ዕድል ማለቴም ይቅር ይባልልኝ። ጠባቂዎቹ እንዲሁ ጨካኞች ናቸው ብሎ መተው ግን ቀላል መልስ ነው። በዝሆን ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው፤ ከኪራዩ የሚደርሳቸውም ትንሹ ነው።

ቴቺኮቱካቩ ራማቻንድራን የተባለው ዝሆን ታሪክ ነገሩን በአንድ ላይ ያሳያል። ከኬረላ ዝሆኖች መካከል እጅግ ረጅም ከሚባሉት አንዱ፣ እጅግም የሚወደድ ነው፤ ደጋፊዎቹ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ስሙን እየጠሩ ያጅቡታል። አንድ ዓይኑ ግን አያይም። በየካቲት 2019 በጉሩቫዩር አቅራቢያ የርችት ፍንዳታ አስደንግጦት ሁለት ሰዎች ገደለ፤ ከዚያም በፊት ሰዎች ገድሎ ነበር። ባለሥልጣናት ከሰልፍ አገዱት። የፑራም በዓል ሲቃረብ የዝሆን ባለቤቶች ማኅበር እርሱ ካልተፈቀደ አንድም ዝሆን አንሰጥም አለ። በመጨረሻ ተመርምሮ የቤተ መቅደሱን ደቡባዊ በር የመክፈቱን ሥርዓት እንዲፈጽም ለአጭር ጊዜ ተፈቀደለት፤ ሕዝቡም በብዛት ወጥቶ አየው። ከሞቱት ሰዎች ይልቅ የበዓሉ መጓደል አስጨናቂ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አገር አይደለም። በስሪላንካ ካንዲ ከተማ ቡድሂስቶች የቡድሃን ጥርስ በሚያከብሩበት የፔራሄራ በዓል ዝሆኖች ከራስ እስከ እግር በጌጠኛ ልብስ ተሸፍነው ለአሥር ሌሊት ይሰለፋሉ። በነሐሴ 2019 ቲኪሪ የተባለች የ70 ዓመት ዝሆን ፎቶግራፍ በዓለም ተሰራጨ። ልብሱ ሲወልቅ የጎድን አጥንቶቿ የሚቆጠሩ ነበሩ። ሌሊት ሌሊት በፊቱ ስታልፍ የነበረው ሕዝብ ያየው ልብሱንና መብራቱን ነው። በቀጣዩ ወር ሞተች።

ሕግስ? በህንድ ዝሆን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከፍተኛ የሕግ ጥበቃ ያለው እንስሳ ነው። ሆኖም በ2022 የተሻሻለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ባለቤትነቱ የተረጋገጠ ዝሆን «ለሃይማኖታዊ ወይም ለሌላ ማናቸውም ዓላማ» እንዲዛወር የሚፈቅድ አንቀጽ አስገባ። «ሌላ ማናቸውም» የሚለውን ቃል የሕግ ተማሪዎች ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። በኅዳር 2024 የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዝሆኖች መካከል ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከችቦ 5 ሜትር፣ ከሕዝቡና ከከበሮው 8 ሜትር፣ ከርችት 100 ሜትር ርቀት እንዲኖር፣ በቀንም ቢያንስ 8 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው አዘዘ። ሁለቱ የትሪሹር ቤተ መቅደሶች ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ትእዛዙም በታኅሣሥ ታገደ። አቤቱታቸውን በቁጥር እንየው። 15 ዝሆኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው 14 ክፍት ቦታዎች አሉ፤ በ3 ሜትር ሲባዛ የዝሆኖቹ ስፋት ሳይቆጠር 42 ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት የጥንቱ ሰልፍ በጥንቱ ቦታ አይበቃም፤ ከሳሾቹ ይህን ማለታቸው ሐሰት አልነበረም። የዝሆኖቹን ቁጥር መቀነስ የሚለው መልስ ግን በክርክሩ ውስጥ እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

የተለየ መንገድ የመረጠ ቤተ መቅደስም አለ። በዚያው በትሪሹር አውራጃ የሚገኘው የኢሪንጃዳፒሊ ክሪሽና ቤተ መቅደስ በየካቲት 2023 ከእንስሳት መብት ተሟጋቾች 800 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሠራሽ ዝሆን ተቀብሎ ሥርዓቱን በእርሱ መፈጸም ጀመረ። ሌሎችም ተከትለውታል። የሚደንቀኝ፣ ሙቀት የማይሰማው ይህ ማሽን በኤሌክትሪክ ሞተር ጆሮውን እንዲያርገበግብ ተደርጎ መሠራቱ ነው፤ ያለዚያ ምእመኑ ዝሆን አይለውም።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ «የሰው ሃይማኖት ውስጥ ምን አገባህ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱምን ንጉሥ ያየ የቢዛንታይን መልእክተኛ ንጉሡ በአራት ዝሆኖች በሚሳብ ሠረገላ ላይ ቆሞ እንደ ነበር መናገሩ በማላላስ ዜና መዋዕል ተጽፏል፤ ስለዚህ እኛም ከነገሩ ንጹሐን ነን ለማለት አልችልም። እኔ የማወራው ግን ስለ እምነቱ አይደለም። የዝሆን ጆሮ ሲርገበገብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሙያዬ ግዴታ ነው፤ አንድ ጊዜም በስሕተት አስረድቻለሁ።

አሁን መብራቱ ይጥፋና የሁለት ደቂቃ ምስል እንይ። ድምፁን ሆን ብዬ ዘግቼዋለሁ፤ ከበሮው ከተሰማ ዓይናችሁ ጆሮውን ከምቱ ጋር ማስማማት ይጀምራልና። መጀመሪያ ያለ ድምፅ እርግብግቢቱን በደቂቃ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ ቀጥሎ ከድምፁ ጋር እንደገና እናየዋለን። ከዚያ በኋላ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን።