ያውቁ ኖሯል? ከጎጋን ባሕር እስከ ጅቡቲ ወደብ

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠዓሊው ፖል ጎጋን በ1888 “ማዕበሉ” የተባለውን ሥዕል ሲሠራ የባሕሩን ዳር አሸዋ ቀይ አድርጎታል። ኢምፕረሽኒስቶች ዓይናቸው በብርሃን ያየውን ለመያዝ ሲሯሯጡ፣ እርሱና ድኅረ ኢምፕረሽኒስት የተባሉት ጓደኞቹ ቀለምን የሚመርጡት ለስሜታቸው ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የተመለከተ ሰው ግን ያንን ቀይ አሸዋ ውሸት ነው አይልም።

ጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችውም በዚያው በ1888 ነው።

ጎጋን ራሱ በዚህ ውሃ አልፏል! ሚያዝያ 1 ቀን 1891 ከማርሴይ ተነሥቶ በስዊዝ ቦይ ወደ ታሂቲ ሲጓዝ፣ መርከቡ ባብ ኤል መንደብን ሳይሻገር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ መውጫ አልነበረውም። ታሂቲ፣ ፓፔቴ ከተማ የደረሰው ሰኔ 9 ቀን ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሩቅ ደሴት የተቀመጠው ሠዓሊ በፈረንሳይ ያለ ጉዳዩን አደራ የሰጠው ለዦርዥ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ነበር። ይህ ሰው ኒው ዮርክ ተወልዶ በፈረንሳይ የኖረ፣ ራሱም ሠዓሊ፣ በጀልባው ባሕር የሚዞር ሰው ነው። ሥዕሎቹን ይረከባል፣ ገዢ ያፈላልጋል፣ ገንዘቡን ይልካል፤ በደብዳቤም ያጽናናዋል። ጎጋን በ1896 የገዛ ራሱን መልክ ሥሎ ለወዳጁ ለዳንኤል ብሎ ጽፎበታል፤ ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። እኔን ከጎጋን ዝና ይልቅ የሚነካኝ የዚህ ሰው ታማኝነት ነው። የራሱን ሸራ እየሣለ የሌላውን ሥራ እንዲህ ለዓመታት መሸከም ቀላል አይደለም።

የዚህ ሰው ልጅ ማን ይመስልዎታል? በ1911 ጅቡቲ የገባው አንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው! መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ቡናና ቆዳ ነገደ። ከዚያ ባሕሩ ጠራው፤ ዕንቁ፣ ጦር መሣሪያ፣ ሐሺሽም ጭኖ ቀይ ባሕርን ተመላለሰበት። ሰልሞ አብደል ሃይ ተባለ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ኦቦክ ላይ ቤት ሠራ። “የቀይ ባሕር ምስጢሮች” የተባለው መጽሐፉ በ1931 ታተመ፤ በ1933 ደግሞ ከኢትዮጵያ ተባረረ።

ጎጋን በ1903 ከሞተ በኋላ ንብረቱ ፓፔቴ ላይ በጨረታ ተሸጠ። በበረዶ ሥር የተኛ የብሪታኒ መንደር የሚያሳይ ሥዕሉ ተገልብጦ ቀረበና “የናያጋራ ፏፏቴ” ተባለ! በ7 ፍራንክ የገዛው ወጣቱ የባሕር ኃይል ሐኪም ቪክቶር ሴጋለን ነው። ዛሬ ያም ሥዕል ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሴጋለን ስለ ጎጋን የመጨረሻ ቀናት ከታሂቲ ሆኖ ለዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ጽፎለታል።

ይኸው ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ጥር 1905 መርከቡ ጅቡቲ ቆመ። ወረደ፤ ነገር ግን የሄደው ስለ ሥዕል ሊጠይቅ አልነበረም። በሐረር ነጋዴ ሆኖ የኖረውን፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ከታጁራ ሸዋ ድረስ በግመል ያስጫነውን ገጣሚ አርተር ራምቦን የሚያውቁ ሰዎች ፍለጋ ነው። ራምቦን በቅርብ ከሚያውቅ ግሪካዊ ነጋዴ ጋር ተነጋገረ፤ የሰማውንም በ1906 ስለ ገጣሚው ሁለት ሕይወት ባወጣው ጽሑፍ ተጠቀመበት።

አንሪም የአባቱ ልጅ ነውና ብሩሽ አልጣለም፤ ይህን ባሕርና የአካባቢውን ሰዎች በውሃ ቀለም ሥሏል። እነዚያ ሥዕሎች ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ የባሕሩ ልጆች በሚያዩበት አዳራሽ ቢታዩ እጅግ ደስ ይለኝ ነበር።